ራስ አሳታሚ ደራስያን፣ ኤሌክትሮኒክ ልቦለድና የስያሜ ጥያቄ

፩. መነሻ

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ የምትገኘው የቦረናዋ ከተማ መካነ ሰላም በስሟ ብቻ ለቃላት ሰብሳቢ አንድ ትምህርት ትሰጣለች። «መካን» በግእዝ ቦታ ማለት ሲሆን፣ በአማርኛ ግን መውለድ ያልቻለ ማለት ነው። ይሁን እንጂ «መካነ ሰላም» ሲባል ሁለተኛው ፍቺ ትዝ የሚለው ሰው የለም፤ የዘርፍ አያያዙ ቃሉን ከአሻሚነት አውጥቶታልና። «መካነ መቃብር»ም ሆነ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የተለመደው «መካነ ድር» በዚሁ መንገድ የጸኑ ናቸው። ከዚህ የምንረዳው፣ የአንድ ስያሜ መልካምነት የሚመዘነው ቃሉ ለብቻው ሲቆም ሳይሆን ከሌሎች ቃላት ጋር ሲውል በሚሰጠው ፍቺ መሆኑን ነው።

ይህን መመዘኛ ይዘን፣ በራሳቸው ወጪ የሚያሳትሙ ደራስያን አዳዲስ የወንጀል ምርመራና የምናብ ልቦለዶቻቸውን በኤሌክትሮኒክ መልክ አዘጋጅተው ሲያስተዋውቁ የሚያገለግሉ ቃላትን እንመረምራለን። ነገሩ ለመካነ ሰላም አንባቢ ባዕድ አይደለም። የታተመ መጽሐፍ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ በደሴና በአቀስታ በኩል በመኪና ተጭኖ መድረስ አለበት፤ በስልክ የሚነበበው ግን መስመሩ ካለ ማስታወቂያው በወጣበት ሰዓት ይደርሳል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ በከተማዋ ስለሚገኝ በስልኩ ማንበብ የለመደ ወጣትም አለ። ደራሲውና አንባቢው ግን አይተያዩም፤ የሚያገናኛቸው በማስታወቂያው ላይ ያሉት ጥቂት ቃላት ናቸው። እነዚያ ቃላት ከተሳሳቱ ደራሲው ገበያውን፣ አንባቢው ገንዘቡን ያጣል።

የዘርፍ ስም በማስታወቂያና በሽፋን ላይ መጽናቱ አዲስ ነገር አይደለም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል ርእስ ነበረው። ዛሬ በአንድ ቃል «ልቦለድ» ብለን የምንጽፈው መጠሪያ በመጽሐፍ ሽፋን ላይ ከአንባቢ ጋር የተዋወቀ እንጂ በጉባኤ ተመክሮበት የተደነገገ አይደለም። ስለዚህ የዛሬው ራስ አሳታሚ በማስታወቂያው ላይ የሚጽፈው ቃል ነገ መዝገበ ቃላት ሊገባ እንደሚችል አውቀን ካሁኑ ልንመረምረው ይገባል።

ለምርመራ እንዲመች የሚከተለውን ዓረፍተ ነገር ለምሳሌ እናብጅ፤ «የነፃ ደራሲው አዲስ ምሥጢራዊ ኢ-ልቦለድ ወርዷል»። ጽሑፉ አጭር ነው፤ ነገር ግን ከቃላቱ አራቱ ደራሲው ካሰበው ሌላ ፍቺ አላቸው። ተራ በተራ እንመልከታቸው።

፪. «ኢ-» አፍራሽ ነው

«ኢ-» ከግእዝ የተወረሰ አፍራሽ ባዕድ መነሻ ነው፤ «ኢ-ፍትሐዊ»፣ «ኢ-ሰብአዊ»፣ «ኢ-መደበኛ» የሚሉትን ያስታውሷል። ከነዚህም አንዱ «ኢ-ልቦለድ» ነው። ይህ ቃል በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ልቦለድ ላልሆነ ዝርው ጽሑፍ፣ ማለትም ለግለ ታሪክ፣ ለጉዞ ማስታወሻና ለመሰሉት ሲያገለግል ቆይቷል። የእንግሊዝኛው «ኤሌክትሮኒክ» የመጀመሪያ ፊደል ሲጠራ ከዚሁ ድምፅ ጋር ስለሚገጥም፣ ተርጓሚው ሳያስበው «ኢ-መጽሐፍ» ወይም «ኢ-ልቦለድ» ብሎ ይጽፋል። ውጤቱም ተቃራኒ ነው፤ የመጀመሪያው «መጽሐፍ ያልሆነ»፣ ሁለተኛው «ልቦለድ ያልሆነ» ይሆናል። አንድ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ማስታወቂያውን አምኖ መጽሐፉን ቢመድበው የነፍሰ ገዳይ ፍለጋ ታሪክ ከግለ ታሪኮች ጋር ይመዘገባል።

«ታዲያ ኢሜይል ለምን አላስቸገረም?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ፣ «ሜይል» የአማርኛ ቃል ስላልሆነ አድማጩ አፍራሽነትን አይፈልግበትም፤ ቃሉን እንዳለ እንደ አንድ ውሰት ይቀበለዋል የሚል ነው። ስለዚህ ሕጉን እንዲህ ማስቀመጥ ይቻላል፤ «ኢ-» ከውሰት ቃል ጋር ሲጣበቅ አብሮ የተዋሰ ድምፅ ነው፤ ከአገር ቃል ጋር ሲጣበቅ ግን ያፈርሳል። «ኢ-ንግድ» እና «ኢ-መንግሥት» የሚሉትም በዚሁ ሕግ ሲመዘኑ ጎደሎ ሆነው ይገኛሉ።

በሕዝብ አፍ የሠለጠነው ስም ግን «ፒዲኤፍ» ነው። ለዚህ አንዱ ምክንያት ቴክኒካዊ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፊደሉን በየራሱ ቁጥር ይመዘግብ ነበር። በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። ፒዲኤፍ ግን የፊደሉን ቅርጽ በውስጡ ይዞ ስለሚሄድ የአማርኛ ጽሑፍ አስተማማኝ መያዣ ሆነ። ሆኖም ይዘቱን በመያዣው ስም መጥራት አይገባም፤ ጠላን «ዋንጫ» እንደማለት ነውና። ከዚህም በላይ «ፒዲኤፉ አለህ?» የሚለው ጥያቄ ዋጋ የመክፈልን ሐሳብ አያስከትልም፤ ለደራሲው ጉዳት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

፫. «ነፃ ደራሲ»

«ነፃ» ቢያንስ ሦስት ፍቺዎች አሉት፤ ያልተገዛ፣ በደል የሌለበት፣ ዋጋ የማይከፈልበት። በማስታወቂያ ላይ ቀድሞ ወደ አንባቢ ልብ የሚገባው ሦስተኛው ነው። የወንጀል ልቦለድ ሲሆን ደግሞ ሁለተኛው ይጨመርና «ነፃ ደራሲ» ፍርድ ቤት ያሰናበተው ሊመስል ይችላል።

አማርኛ በዚህ ረገድ የተሻለ መሣሪያ አለው። «አተመ» እና «አሳተመ» የሚሉት ግሦች ሁለቱን ሙያዎች በእርባታቸው ይለያሉ። አታሚ የእጅ ዋጋውን ተቀብሎ ያትማል፤ አሳታሚ ወጪውንና ኪሳራውን ይሸከማል። በአገራችን የአሳታሚ ድርጅቶች ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ ደራሲው ራሱ ለማተሚያ ቤት ከፍሎ፣ መጽሐፉን በየመደብሩና በአዟሪ እጅ ሲሸጥ ኖሯል። ስለዚህ በራስ ማሳተም ለእኛ ከኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ በፊት የነበረ ልማድ ነው፤ አዲሱ ነገር ማተሚያ ቤቱ ከመካከል መውጣቱ ነው። «ራስ ገዝ» የሚለውን የጸና ጥምር አርአያ አድርገን «ራስ አሳታሚ» ብንል ፍቺው ግልጽ፣ አበዛዙም ቀላል ይሆናል።

፬. «ምሥጢር»፣ «ምርመራ»፣ «እንቆቅልሽ»

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ይህ ነው። በ15ኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ «መጽሐፈ ምሥጢር»ን የደረሱት አባ ጊዮርጊስ ስማቸው ከጋስጫ ጋር ተያይዞ ይጠራል፤ ጋስጫም ያለው በዚሁ በቦረና ምድር ነው። በዚያ መጽሐፍ «ምሥጢር» ማለት ተፈልጎ የሚገኝ ወንጀለኛ ሳይሆን በእምነት የሚታወቅ የመለኮት ነገር ነው። «ምሥጢረ ሥላሴ»፣ «ምሥጢረ ቊርባን» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። በመካነ ሰላም ገበያ ላይ «አዲስ የምሥጢር መጽሐፍ» ተብሎ ቢነገር፣ አንድ የአብነት ተማሪ የሃይማኖት ትምህርት ጠብቆ ቢገዛ አይፈረድበትም። በሥነ አመክንዮ ረገድም ልዩነት አለ፤ የሃይማኖቱ ምሥጢር በመጨረሻው ገጽ አይፈታም፣ የልቦለዱ ግን መፈታት አለበት።

ይልማ ሀብተየስ በወንጀል ምርመራ ልቦለድ፣ ማሞ ውድነህ በስለላ ታሪኮች ድርሰትና ትርጉም የታወቁ ናቸው፤ ስለዚህ ዘርፉ በአማርኛ ሥር የያዘ ነው። «ምርመራ» ከሐኪም ቤትም ሆነ ከቀድሞው የጽሑፍ ቅድመ ምርመራ ጋር ስለሚጋጭ ለብቻው ባይቆም ይሻላል፤ «የወንጀል ምርመራ» ሲባል ግን ችግሩ ይወገዳል። መርማሪ ፖሊስ የሌለበትን የገጠር ታሪክ የሚጽፍ ደራሲ ደግሞ «አውጫጭኝ» የሚለውን ቃል ከነሥርዓቱ ያገኛል። የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ ጥፋተኛን የሚያወጣጣበት ይህ ሥርዓት፣ በሌላው አገር «አፈርሳታ» የሚባለው፣ ለዘርፉ የተዘጋጀ ሴራ ነው ለማለት ይቻላል።

ወንጀል የሌለበት፣ ነገር ግን አንባቢ መልስ የሚፈልግበት ታሪክ ቢሆንስ? ለዚህ «እንቆቅልሽ» ይስማማል። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል፤ ሲያቅተው አገር ይሰጣል፤ ከዚያ መልሱ ይነገረዋል። ጥያቄ፣ ሙከራ፣ ሽንፈት፣ ፍቺ፤ የዘርፉ አካሄድ ይኸው ነው። «ፍንጭ»፣ «ዱካ» እና «ልብ ሰቀላ» የሚሉትም አጠገቡ ያለ ችግር ይቆማሉ። አስተዋዋቂው የታሪኩን መጨረሻ ቢናገር «ምሥጢር አወጣ» እንለዋለን፤ «ምሥጢር» በዕለት ተዕለት ፍቺው የሚያገለግለው እዚህ ላይ ነው።

፭. «ምናባዊ»

ሳይንሳዊ ልቦለድን፣ ድንቃ ድንቅ ታሪክንና መጪውን ዘመን የሚተልም ድርሰትን በአንድ ጠቅላላ ስም ለመጥራት «ግምታዊ ልቦለድ» የሚሉ አሉ። ይህ የውጭውን ቃል እንጂ ነገሩን አይተረጉምም፤ ግምት ለዋጋ ነው። «ምናባዊ» የተሻለ ነው፤ ነገር ግን በኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ ላለ ነገርም ስለሚነገር «ምናባዊ መጽሐፍ» ሲባል የቱን እንደሚያመለክት ያሻማል። «የምናብ ልቦለድ» ቢባል ግን ምናቡ የድርሰቱ እንጂ የመያዣው አለመሆኑ ይታወቃል። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ብዙ አንባቢ ያገኘው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ስለላን፣ ሳይንስንና ገዳማዊ ትውፊትን አጣምሮ ስለያዘ አንዱ ሳይንሳዊ፣ ሌላው የስለላ ሊለው ይችላል። የዚህ ዓይነት ድርሰት ጠቅላላ ስም እንደሚያስፈልግ ማስረጃ ነው።

፮. «ማውረድ»፣ «ማስተዋወቅ»፣ «ማሠራጨት»

«ወረደ» ለሰው ሥራ ሲነገር ዘቀጠ ማለትም ነው፤ «የወረደ መጽሐፍ» የሚለው ሐረግ ስድብ ነው። ስለዚህ ግሡ ሁልጊዜ ከቦታው ጋር ቢነገር ይመረጣል፤ «ወደ ስልክ የተወሰደ»፣ «ከመረብ የተወሰደ»። ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ፣ መጽሐፉን ወደ ስልኩ የወሰደ ሰው ማንበቡን ሊቀጥል ሲችል፣ በመስመር ላይ ብቻ የከፈተው ግን አይችልም ነበር። ማስታወቂያው ከሁለቱ የትኛውን እንደሚሸጥ መናገር አለበት።

የመጨረሻው ጉዳይ ከሁሉ ይከብዳል። ሙሉውን መጽሐፍ ለብዙ ሺህ ሰው በቴሌግራም የላከ ሰው «አስተዋወቅሁልህ» ሊል ይችላል። ይህን የሚለው ሁልጊዜ በክፋት አይደለም። ቁም ጸሐፊ ብራና ፍቆ መጽሐፍ ሲያባዛ እንደ በጎ ሥራ በተቈጠረበት አገር መገልበጥ ስርቆት መስሎ አለመታየቱ የሚያስገርም አይሆንም። ነገር ግን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራውን የማባዛትንና የማሠራጨትን መብት ለደራሲው ሰጥቷል። ስለዚህ ሁለቱን ግሦች መለየት የቋንቋ ብቻ ሳይሆን የእንጀራም ጉዳይ ነው። ማስተዋወቅ ቅንጭብ አሳይቶ ወደ ሙሉው መጥራት ነው፤ ማሠራጨት ሙሉውን ማድረስ ነው፤ ሁለተኛው ያለ ደራሲው ፈቃድ አይደረግም።

፯. የቀረቡ ስያሜዎች

ራስ አሳታሚ ደራሲ፦ ድርሰቱን በራሱ ወጪና ኀላፊነት የሚያሳትም። («ነፃ ደራሲ» ይቅር።)

ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ፣ ኤሌክትሮኒክ ልቦለድ፦ በስልክ ወይም በኮምፒዩተር የሚነበብ። («ኢ-መጽሐፍ» ይቅር፤ «ኢ-ልቦለድ» ለቀድሞ ፍቺው ይጠበቅ።)

የወንጀል ምርመራ ልቦለድ፦ ወንጀልና መርማሪ ያለበት።

የእንቆቅልሽ ልቦለድ፦ ወንጀል ቢኖርበትም ባይኖርበትም ለአንባቢ መልስ የተሰወረበት።

የምናብ ልቦለድ፦ ሳይንሳዊውንና ሌላውን ከነባራዊው ዓለም የወጣ ልቦለድ የሚያጠቃልል።

ቅንጭብ፦ ለማስተዋወቅ ከመጽሐፉ ተቈርጦ የሚወጣ ክፍል።

ዳሰሳ፦ በአንባቢ ወይም በሐያሲ የሚሰጥ አጭር የመጽሐፍ አስተያየት። («ግምገማ» የስብሰባ ጠረን ስላለው ባይመረጥ።)

እንግዲህ በመነሻው ያበጀነው ዓረፍተ ነገር ታርሞ እንዲህ ይነበባል፤ «የራስ አሳታሚው ደራሲ አዲስ የእንቆቅልሽ ልቦለድ በኤሌክትሮኒክ መልክ ወጥቷል፤ ቅንጭቡን አንብበው ሙሉውን ከደራሲው ይግዙ»። ረዝሟል፤ ነገር ግን መካነ ሰላም ያለው አንባቢ ምን እንደሚገዛ፣ ከማን እንደሚገዛና መክፈል እንዳለበት ያውቃል። ስያሜ ማለትም ይኸው ነው። ተርጓሚዎችና መምህራን እነዚህን ቃላት በሥራ ላይ አውለው ጉድለታቸውን ቢጠቁሙ፣ ከየአካባቢው የሚገኙትን የአውጫጭኝና የእንቆቅልሽ ቃላትም ቢሰበስቡ፣ ዝርዝሩ ከዚህ የተሻለ እንደሚሆን አያጠራጥርም።