«ፈረንጅ አገር ጉቦ የለም» ለሚሉ

አንድ የወንጀል ሕግ ጠበቃ ስለ ሙስና በጻፈ ቁጥር ከተከታዮቹ አንዱ «ፈረንጅ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም» ይለዋል። አለ እንጂ! ኢጣሊያን ማየት ይበቃል።

እ.ኤ.አ. የካቲት 17 ቀን 1992 ሚላኖ ውስጥ የአንድ አረጋውያን መጦሪያ ኃላፊ የነበረው ማሪዮ ኪየዛ ከጽዳት ድርጅት ባለቤት 7 ሚሊዮን ሊሬ ተቀብሎ እጅ ከፍንጅ ተያዘ። ዓቃቤ ሕጉ አንቶኒዮ ዲ ፒዬትሮ ወጥመዱን ቀድሞ አዘጋጅቶ፣ ኖቶቹ ላይም ምልክት አስደርጎ ነበር። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ቤቲኖ ክራክሲ የገዛ ፓርቲያቸውን ሰው ኪየዛን ተራ አጭበርባሪ ነው ብለው አጣጣሉት። ኪየዛም መናገር ጀመረ።

ያኔ ጉዱ ወጣ። የሜትሮ፣ የመንገድ፣ የሆስፒታል ጨረታ ሲወጣ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። አሸናፊው ከውሉ ዋጋ በመቶኛ ይቆርጥ፣ ፓርቲዎችም ይከፋፈሉት ነበር። ድርጅቱ ታዲያ መች ከኪሱ አወጣ? በሥራው ዋጋ ላይ ይጨምረው ነበር፤ ዕዳውም በግብር ከፋዩ ላይ ይወድቅ ነበር።

«ሁሉም ታሰሩ ወይ?» የሚል ጥያቄም ይመጣል። ሁሉም አልታሰሩም። በጊዜው ሕግ ይርጋው፣ ማለትም የክሱ የጊዜ ገደብ፣ ክርክሩ በይግባኝ ላይ እያለም ይቆጠር ስለነበር ብዙ ክሶች ጊዜያቸው አልፎ ተዘግተዋል። ይህ ነጻ ነህ ተብሎ ከመሰናበት ይለያል፤ ብዙ ሰው የሚያምታታውም እዚህ ላይ ነው። ራሳቸውም የተከሰሱት ክራክሲ እ.ኤ.አ. በ1994 ወደ ቱኒዚያ ሄደው በ2000 እዚያው ሞቱ። ገዢዎቹ ፓርቲዎችም ፈራረሱ።

ስለ ይርጋም ሆነ ስለ ጨረታ ጥያቄ ያለው ከታች ይጻፍ። ፍርድ ቤት ላለ የግል ጉዳይ ግን በኮሜንት ምክር አይሰጥም።