ያረጀ ሞተር ይታደስ ወይስ ይለወጥ?

ድሬዳዋን የጐበኘ ሰው ሁሉ ከተማይቱ በደቻቱ ወንዝ ከሁለት የተከፈለች መሆንዋን ያውቃል። በአንደኛው ወገን ባቡር ጣቢያው ያለበትና መንገዱ በገመድ የተለካ የሚመስለው ከዚራ ነው፤ በሌላው ወገን ገበያውና ጠባብ ጠባቡ መንገድ ያለበት መጋላ ነው። ከከዚራ ተነሥቶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ በመጋላ በኩል ወደ ቀፊራ ገበያ ለሚያልፍ መንገደኛ የድሬዳዋ ልዩ ምልክት ሆኖ የኖረ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ፔጆ 404 የተባለው አሮጌ የፈረንሳይ መኪና ነው። ይህ መኪና በተወለደበት አገር የአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢዎች ጌጥ ከሆነ በኋላ እንኳ፣ በድሬዳዋና በሐረር ታክሲ ሆኖ ሰውና ጓዝ ሲያመላልስ ኖሯል።

ብረት እንደ ሰው ያረጃል፤ ሞተርም ዕድሜ አለው። ታዲያ በፈረንሳይ አገር መሠራቱ በ1975 የቀረው ይህ መኪና (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ነገር የተነገረበት ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) እንዴት ይህን ያህል ሊኖር ቻለ? ጥያቄው ለሽማግሌ ሹፌሮች ብቻ አይደለም። ዛሬ ብዙ ወጣት ሠራተኛ በቁጠባው ወይም በብድር ያገለገለ መኪና ይገዛል። ፈጣን ነው ተብሎ የተመሰከረለት፣ ተርቦ ያለበት የስፖርት መኪና ከሆነ ደግሞ ደስታው እጥፍ ይሆናል። ነገር ግን አንድ ቀን ዳገት ላይ ሰማያዊ ጢስ ማውጣት ሲጀምር ምክር ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። አንዱ «ሞተሩ ወርዶ ይታደስ» ይላል፤ ሌላው «ጣለውና ሌላ ሞተር ግዛ» ይላል። በሁለቱም በኩል የሚወጣው ገንዘብ የብዙ ወር ደመወዝ ስለ ሆነ፣ ነገሩን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

ድሬዳዋ ይህን ትምህርት ከባቡሩ ተምራዋለች። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ከተማይቱ ከእርሱ ጋር ተወለደች፤ የባቡሩም ትልቅ የጥገና አውደ ጥናት በዚያው ተቋቋመ። ለተበላሸ ዕቃ ሁሉ መለዋወጫ ከባሕር ማዶ ቢጠበቅ ባቡሩ ወራት መቆሙ ነበር። ስለዚህ የአውደ ጥናቱ ሠራተኞች ያለቀውን ብረት በቶርኖ እየላጉ፣ የተሰበረውንም እየበየዱ መሥራትን ተማሩ። ከዚያ የተማረው እጅ ዋና ሀብቱ መዶሻው ሳይሆን የመለኪያው ዕቃ ነበር።

አሁን ወደ ሞተሩ እንግባ። በሲሊንደሩ ውስጥ ፒስተኑ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። በፒስተኑ ዙሪያ ያሉት ፋሻዎች የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ታች፣ ዘይቱም ወደ ላይ እንዳያልፍ ይከለክላሉ። ሲሊንደሩና ፋሻው እያለቁ ሲሄዱ ዘይቱ ወደ ላይ ሾልኮ ይቃጠላል፤ ሰማያዊው ጢስ ይህ ነው። ጥቁር ጢስ የነዳጅ መብዛት ወይም የአየር ማነስ ምልክት ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማይቆም ነጭ ጢስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ውኃ ወደ ሲሊንደሩ እንደሚገባ ያመለክታል።

ይሁን እንጂ ጢስ ጠቋሚ ነው እንጂ ፈራጅ አይደለም። ጠንቃቃ መካኒክ የእያንዳንዱን ሲሊንደር የእመቃ ኃይል ይለካል። በቤንዚን ሞተር ላይ ልኩ ካነሰበት ጥቂት ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ያንጠባጥብና እንደገና ይለካል። ልኩ ከፍ ካለ ያለቀው ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ነው፤ ከፍ ካላለ ጉዳቱ በቫልቩ ወይም በቴስታታው በኩል ሊሆን ይችላል። በዚህ አጭር ምርመራ ብቻ ሙሉ ሞተር ከማውረድ የዳነ ሰው ጥቂት አይደለም።

የፔጆ 404 ምስጢርም እዚህ ላይ ነው። በ1960 የወጣው ይህ መኪና በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ብርቱ የሆነውን የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር አሸንፏል። ግን ለድሬዳዋ ሹፌር ከዋንጫው ይልቅ የጠቀመው የሞተሩ አሠራር ነው። ሲሊንደሮቹ ከሞተሩ ገላ ጋር አንድ ሆነው አልተቀረጹም፤ ተነቅለው የሚወጡ፣ ዙሪያቸውን ውኃ የሚያቀዘቅዛቸው ቱቦዎች ናቸው። ሲያልቁ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ይገባል፤ ገላው ግን ይኖራል። እንዲህ ያለውን ሞተር ማደስ ከመለወጥ ይሻላል።

ተርቦ ያለበት ሞተር ግን ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ተርቦ ማለት በሚወጣው ጢስ ኃይል የሚዞር፣ አየርንም ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ነው። ሐሳቡን በ1905 በፓተንት ያስመዘገበው አልፍሬድ ቡሺ የተባለ የስዊስ መሐንዲስ ነው። ለእኛ ለደጋ አገር ሰዎች ጥቅሙ ግልጽ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፉ አየር ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይሳሳል። ከድሬዳዋ በደንገጎ ዳገት ወደ ሐረር የሚወጣ ተራ መኪና የሚደክመው ዳገቱ ስለ ከበደው ብቻ አይደለም፤ አየር ስላነሰውም ነው። ተርቦው የጎደለውን ይሞላል።

ነገር ግን ጉልበት ያለ ዋጋ አይገኝም። የተርቦው ዘንግ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል፤ የሚንሳፈፈውም በስስ ዘይት ላይ ነው። ዘይቱ ከቆሸሸ ወይም በጊዜው ካልተለወጠ ዘንጉ ይበላል። ዳገት ወጥቶ የጋለን ሞተር ወዲያው ማጥፋትም በተርቦው ውስጥ የቀረውን ዘይት ያከስለዋል። አሜሪካኖች በ1962 ኦልድስሞቢል ጄትፋየር የተባለ ባለተርቦ መኪና ለገበያ አቅርበው ነበር፤ እርሱም በየጊዜው የሚሞላ ልዩ ፈሳሽ ይፈልግ ነበር። ብዙ ባለቤቶች መሙላቱን ዘነጉ። በመጨረሻ ኩባንያው ከብዙዎቹ መኪናዎች ላይ ተርቦውን በነጻ እየነቀለ ተራ ካርቡራተር ተካላቸው። መሣሪያውን ያሸነፈው ቸልተኝነት ነው።

እንግዲህ ፍርዱ እንዲህ ይመስለናል። የሞተሩ ገላ ካልተሰነጠቀ፣ ትልቁ ዘንግ ካልተጣመመ፣ የሲሊንደሩም ማለቅ ተልጎ ወይም ተለውጦ የሚስተካከል ከሆነ ይታደስ። ገላው ከተሰነጠቀ ወይም ቢዬላው ተሰብሮ ጎኑን ከበሳው ይለወጥ። ለመለወጥ የወሰነ ሰው ግን ሁለት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ ያገለገለው ሞተር ከውጭ ስለ መጣ ብቻ ጤነኛ አይባልም፤ እርሱም ሳይገጠም ይለካ። ሁለተኛ፣ የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ የተጻፈ ነውና ለውጡ በሕግ ይመዝገብ። ይህን የዘነጋ ሰው መኪናውን ሊሸጥ በፈለገ ቀን ይቸገራል።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ግን ሌላ ነው። የቀድሞውን ሞተር የገደለው ምን ነበር? የተደፈነ ራዲያተር ከሆነ አዲሱንም ያግለዋል። ቀዳዳ ያለው የአየር ማጣሪያ ከሆነ የድሬዳዋን አቧራ አስገብቶ አዲሱን ፋሻ ይበላዋል። በዘይት ማቀዝቀዣው ውስጥ የቀረ የብረት ብናኝም ከአሮጌው ሞተር ተርፎ አዲሱን ይገድላል። ይህ ሳይጠራ የተገጠመ ሞተር፣ ታድሶም ቢሆን ተለውጦ፣ ገንዘብን በወንዝ እንደ መጣል ነው።

በ2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ተመርቆ ዘመኑ ወደ ሌላ ምዕራፍ ተሻግሯል። ነገም መኪናው ሁሉ ያለ ፒስተን የሚሄድበት ጊዜ ይመጣ ይሆናል። ቢሆንም መለካትን፣ ምክንያትንም መፈለግን የተማረ እጅ በየትኛውም ዘመን ሥራ አያጣም። ይህ ለመካኒክ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ በቢሮው ጠረጴዛ ላይ የተበላሸ አሠራር ለሚጠብቀው ወጣት ሹምም ይሆነዋል። ሰው ከመለወጥና ደንብ ከማደስ በፊት ብልሽቱ ከወዴት እንደ መጣ ይጠየቅ። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለሰው ነበር፤ ለሞተርም ይሠራል።