«ኮሚቴውን አንቺ ያዢው»፦ መምህራን ሴቶች መሪነትን የሚማሩበት ማኅበር

እ.ኤ.አ በ1918 የቴክሳስ ሴቶች በፓርቲዎች የዕጩ መረጣ ላይ ድምፅ እንዲሰጡ ሲፈቀድላቸው፣ ለመመዝገብ የተሰጣቸው ጊዜ 17 ቀን ብቻ ነበር። በነዚያ ቀናት 386,000 ያህል ሴቶች ተመዘገቡ። ድምፃቸው ካሸነፈላቸው ዕጩዎች አንዷ አኒ ዌብ ብላንተን የምትባል መምህርት ናት። በዘመቻው «አምላክ የለሽ ናት» ተብሎ ተወራባት፤ ሴትዮዋ ግን ቤተ ክርስቲያን የምትሳለም ነበረች። ወሬው አላቆማትም። የቴክሳስ ትምህርት የበላይ ኃላፊ ሆነች፤ በመላው ግዛት ሕዝብ ተመርጣ ሥልጣን የያዘች የመጀመሪያዋ ሴትም እሷው ናት።

ሥልጣን መያዟ ግን የሌሎቹን ኑሮ ወዲያው አልለወጠውም። ክፍል ውስጥ ቆመው የሚያስተምሩት አብዛኞቹ ሴቶች፣ ከላይ ሆነው የሚያዙት ደግሞ ወንዶች ነበሩ፤ ደሞዙም እኩል አልነበረም። ብላንተን በግንቦት 1929 ኦስቲን ከተማ ውስጥ ከሌሎች 11 ሴቶች ጋር ዴልታ ካፓ ጋማ የተባለውን የመምህራን ሴቶች ማኅበር መሠረተች። ዛሬ ማኅበሩ ከአሜሪካ ሌላ በካናዳ፣ በሜክሲኮ፣ በጃፓንና በበርካታ የአውሮፓ አገሮች አባላት አሉት።

ታዲያ እዚያ መሪ የምትሆነው ሴት ከየት ትመጣለች? ሥልጠናም አለ፣ ስብሰባም አለ። ዋናው ትምህርት ግን ያለው በትንንሽ የበጎ ፈቃድ ሥራዎች ውስጥ ይመስለኛል። በየከተማው ያለው ቅርንጫፍ ለምሳሌ አዲስ ሥራ ለጀመሩ አስተማሪዎች እርዳታ ያዘጋጃል። እርዳታው ትልቅ ነገር አይደለም፤ እርሳስ፣ ወረቀት፣ ለክፍሉ የሚሆኑ መጻሕፍት፣ አንዳንዴም «አይዞሽ» የሚል ደብዳቤ። በአሜሪካ ብዙ ጀማሪ አስተማሪዎች በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ውስጥ ሥራውን ጥለው ይሄዳሉ፤ የክፍሉንም ዕቃ ከኪሳቸው የሚገዙት ብዙ ናቸው። እዚህ እስራኤል «ስታጅ» ያለፋችሁ መምህራን፣ የመጀመሪያው ዓመት ብቸኝነት ምን እንደሚመስል ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

አሁን ይህን ሥራ አንድ ሰው መምራት አለበት። በስብሰባ ላይ ተናግራ የማታውቅ፣ ሃያ ዓመት አንደኛ ክፍል ያስተማረች ሴት «ኮሚቴውን አንቺ ያዢው» ትባላለች። ገንዘብ ትቆጥራለች፣ ባለ ሱቅ ትለምናለች፣ ርዕሰ መምህሩን ታስፈቅዳለች፣ «እመጣለሁ» ብላ ከቀረችው ባልደረባዋ ጋር ሳትጣላ ሥራውን ትጨርሳለች። መጨረሻ ላይ ቆማ ሪፖርት ታቀርባለች። ብር ከጎደለ ለምን እንደጎደለ የምትናገረው እሷው ናት። በሚቀጥለው ዙር የቅርንጫፉ ፀሐፊ ወይም ሊቀ መንበር ሁኚ ስትባል ያን ያህል አትደነግጥም። ኃላፊነቱ በየሁለት ዓመቱ ስለሚቀያየር፣ ወንበሩ ለአንድ ሰው ብቻ አይቀርም።

ገንዘቡ ሩቅ የሚሄድበትም ጊዜ አለ። ማኅበሩ በዩኒሴፍ በኩል «ትምህርት ቤቶች ለአፍሪካ» ለተባለው ዘመቻ ገንዘብ ሲያሰባስብ ቆይቷል። ዘመቻው በ2004 የተጀመረው ከኔልሰን ማንዴላ ፋውንዴሽን ጋር ሲሆን፣ ኋላ ኢትዮጵያም ተጨምራበታለች። አንዲት የቴክሳስ መምህርት ኬክ ሸጣ ያዋጣችው ዶላር ወገኖቻችን ለሚማሩበት አገር ለጠረጴዛና ለወንበር መዋጮ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር ግን አለ። ደሞዟ የማይበቃትን ሴት «መሪነትን በነፃ ሠርተሽ ተማሪ» ማለት ራሱ ፍትሕ ነው ወይ? ወንዶቹ ለዚያው ልምድ ደሞዝ እየተቆረጠላቸው የተማሩት በሥራ ሰዓታቸው ነው። ማኅበሩ ለዚህ የሚሰጠው መልስ በከፊል ገንዘብ ነው፤ ለትምህርት ስኮላርሺፕ ይሰጣል፣ ለመምህርነት ለሚማሩ ሴቶችም ቅርንጫፎቹ ያዋጣሉ። ጊዜን ግን ማንም አይሰጥም። ልጆች የምታሳድግ ወጣት መምህርት ማታ ለስብሰባ አትደርስም፤ የአባላቱ ቁጥር ባለፉት አሥርተ ዓመታት እየቀነሰ የመጣበት አንዱ ምክንያትም ይኼ ይመስለኛል። አንዳንዶቹ ቅርንጫፎች ስብሰባቸውን በዙም ማድረግ ጀምረዋል። ልጇን አስተኝታ፣ ካሜራዋን ዘግታ የምትሰማ ወጣት አሁን አለች። የመማሪያ ዕቃ ማሰባሰቡን ማን ይያዘው ሲባል ድምፅዋን ትከፍት እንደሆነ ነው ጥያቄው።