የቅንድብንና የሽፋሽፍትን ጠጕር በቤት ውስጥ ስለ መንቀል

ቅንድብ የተሰጠን ለመልክ ጌጥ ብቻ አይደለም። ከግንባር የሚወርደው ላብ፥ አቧራውና የዝናቡ ጠብታ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ወደ ጎን የሚመልስ ነው። በጠራራ ፀሐይ ስታጭድ የዋለች ወይም ከምጣድ ፊት ተቀምጣ እንጀራ ስትጋግር የቆየች ሴት ይህን ያለ አስተማሪ ታውቀዋለች። ሽፋሽፍትም እንዲሁ የዓይን ደጅ ጠባቂ ነው፤ ትንኝ ወይም ገለባ ሲነካው ዓይን ወዲያው ይከደናል። ስለዚህ ከነዚህ ከሁለቱ ጠጕር የሚነቅል ሰው፥ እጁ ከዓይን አጠገብ መሆኑን አይርሳ።

በገጠር ቤት ወረንጦና ምላጭ በዚህ ቦታ ላይ የሚያርፉት በሦስት ምክንያት ነው። ልጃገረዶችና ሙሽሮች ለውበት ብለው ይቀነደባሉ። እናቶችና ባልቴቶች ዓይናቸውን የሚወጋቸውን የሽፋሽፍት ጠጕር ይነቅላሉ፥ ወይም ልጆቻቸውን ያስነቅላሉ። ደግሞም ዓይኑ የታመመ ሕፃን ቅንድቡ ይበጣል። የመጀመሪያው በጥንቃቄ ቢሠራ ጉዳት የለውም። ሁለተኛው ብርቱ ነገር ነው፥ ሰፋ አድርገን እንነጋገርበታለን። ሦስተኛው ግን ፈጽሞ መቅረት ያለበት ነው።

ስለ መቀንደብ

«የጤና ሠራተኛ ከመጣ ማጌጥ ሁሉ ክልክል ነው» የሚሉ አሉ። እንዲህ አይደለም። ለሠርግም ሆነ ለበዓል ቅንድቧን ማስተካከል የምትፈልግ ልጅ ብትኖር ኀጢአት ሠራች አንልም፤ በምን እንደምትሠራው ግን እንጠይቃታለን።

አሁን አሁን ከከተማ ወይም ከዐረብ አገር የሚመለሱ እኅቶች ጠጕርን በሰም፥ ወይም ስኳርንና ሎሚን አብስሎ በሚሠራ ማጣበቂያ መንቀልን ይዘው መጥተዋል። ማጣበቂያው በሙቀቱ ይቀባል፥ ጨርቅ ይለጠፍበታል፥ ከዚያም ጠጕሩ ከተኛበት አቅጣጫ በተቃራኒ ባንድ ጊዜ ይነጠቃል። ለእግርና ለክንድ ይሁን እንበል። ለቅንድብ ግን በቤት ውስጥ እንዲሠሩት አንመክርም። ንጹሕ የንብ ሰም የሚቀልጠው 62 ዲግሪ ያህል ሲሞቅ ነው። 60 ዲግሪ የሞላው ውኃ እንኳ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ቆዳን ክፉኛ ያቃጥላል። የተፈላ ስኳርማ ምኑ ቅጡ! ከሚፈላ ውኃ ይበልጥ የሚግል፥ ደግሞም ቆዳ ላይ ተጣብቆ የሚቀር ስለ ሆነ ማቃጠሉን አያቆምም። የዓይን ቆብ ቆዳ ከሰውነት ቆዳ ሁሉ የሳሳ ነው፤ አንድ ጠብታ ብትወርድበት የሚሆነውን ማሰብ ነው። ከዚህም ሌላ ጨርቁ ሲነጠቅ የተፈለገውንም ያልተፈለገውንም ጠጕር ይዞ ይሄዳል። ለሠርጉ ብላ የጀመረች ሙሽራ ግማሽ ቅንድብ ይዛ ትቀራለች።

እንቢ፥ በሰም ነው የምሠራው ያለች ብትኖር እንኳ፥ በመጀመሪያ ሰሙን ገላ እስኪመስል ድረስ ታብርደው፥ በእጅዋ አንጓ የውስጥ በኩል ትሞክረው፥ ከሁለቱ ቅንድቦች መካከል ካለው ቦታ በቀር አትቀባው፥ የዓይን ቆብን ፈጽሞ አታስነካው። ቁስል፥ ብጉንጅ ወይም ሽፍታ ባለበት ቆዳ ላይ፥ ለብጉርም መድኃኒት የምትቀባ ወይም የምትውጥ ብትሆን ሰም አይሆንም፤ ቆዳው አብሮ ይነሣል። ስኳሩ በምድጃ ላይ ሳለ ልጆች ወደ ማጀት አይግቡ። ድንገት ያቃጠላት እንደ ሆነ ቀዝቃዛና ንጹሕ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያህል ይፍሰስበት። ቅቤ፥ ሊጥ፥ ቡና፥ የጥርስ ሳሙና አይቀባ። ሰሙ ዓይን ውስጥ ከገባ ወይም ሽፋሽፍቱን ካጣበቀ በጉልበት ሳይነቅሉ በውኃ እያጠቡ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ለቤት ሥራ የሚሻለው ወረንጦ ነው። የትኛው ወረንጦ ቢሉ፥ በአንገት ላይ ከማተብ ጋራ ታስሮ የሚዞረው፥ ከእግር እሾህ የሚወጣበት ያ ወረንጦ አይደለም። እሾህ ያወጣ ወረንጦ የበረት አፈርና የቁስል መግል ይዞ ይኖራል፤ ያንን ወስዶ ዓይን አጠገብ ማሳረፍ እጅግ የሚያስፈራ ነገር ነው። ለፊት የሚሆን ሌላ ወረንጦ ይገዛ፥ ለአንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ከመሠራቱም በፊት ውኃው ከተንተከተከ ጀምሮ ለ20 ደቂቃ ይቀቀል። ጎረቤት ከጎረቤት መዋዋስ መልካም ልማድ ነው፥ ወንፊቱንም ምጣዱንም ተዋዋሱ፤ ወረንጦና ምላጭ ግን አትዋዋሱ። ጥቂት ደም የነካው ምላጭ ኤች አይ ቪንና ጉበትን የሚያሳምመውን ሄፓታይተስ ቢን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራል።

አሠራሩ ቀላል ነው። እጅና ፊት በሳሙና ይታጠባሉ። መስተዋቱ ብርሃን ባለበት፥ በደጅ ወይም በመስኮት አጠገብ ይቀመጣል። ቀጥ ያለ ስንደዶ ተወስዶ ከአፍንጫ ጎን ወደ ላይ በዓይን የውስጥ ጥግ በኩል ቢቆም፥ ቅንድብ የሚጀምርበትን ያሳያል። ያው ስንደዶ ከአፍንጫ ጎን ወደ ዓይን የውጭ ጥግ ዘንበል ቢል፥ የሚያልቅበትን ያሳያል። ከነዚህ ውጭ ያለውን፥ ከቅንድቡም በታች የተበተነውን ብቻ መልቀም ነው፤ ከላይ በኩል አይነካም። ቆዳውን በሌላው እጅ ወጠር አድርጎ ይዞ፥ ጠጕሩን ከሥሩ አጠገብ ጨብጦ፥ በተኛበት አቅጣጫ አንድ ባንድ መሳብ ይገባል። ሦስት አራት ከተነቀለ በኋላ ከመስተዋቱ ራቅ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፥ አለዚያ እጅ ይለምድና ማቆም ያስቸግራል። የተነቀለ ቅንድብ ተመልሶ ለመሙላት ብዙ ሳምንታት ይፈጃል፤ ለዓመታት ሲነቀል የኖረ ደግሞ ሳስቶ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

በማግሥቱ ትንሽ መቅላት ቢታይ ያልፋል። ነገር ግን ብጉንጅ ቢወጣ አይፈረጥ፤ ከዚያ ቦታ የሚነሡት የደም ሥሮች ወደ ራስ ቅል ውስጥ የሚያልፉ ናቸውና። የዓይን ቆብ አብጦ ትኩሳት ከመጣ፥ ወይም ዓይን ሲዘዋወር የሚያም ከሆነ፥ ሳያሳድሩ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

የሕፃናትን ቅንድብ ስለ መብጣት

ይህን ባጭሩ እንጨርሰው። ሕፃን ዓይኑ ሲቀላና ዓይናር ሲይዘው «ክፉ ደሙ ይውጣ» ተብሎ ቅንድቡ በምላጭ ይበጣል። የዓይኑ ሕመም ከዓይን ላይ ነው፥ ቅንድብ ላይ የሚፈሰው ደም ምንም አያገናኘውም። ሕፃኑ በብጣቱ የሚያገኘው ደም ማጣት፥ የቁስል ማመርቀዝ፥ አንዳንድ ጊዜም መንጋጋ ቈልፍ የተባለውን ገዳይ በሽታ ነው። በተለይ ከተወለደ አንድ ወር ያልሞላው ሕፃን ዓይኑ መግል ቢይዝ፥ በወሊድ ጊዜ ከእናት የሚተላለፍ ተሕዋስ ሊሆን ስለሚችል በጥቂት ቀን ውስጥ ሊያሳውረው ይችላል። ምላጭ ከመፈለግ ይልቅ ልጁን አዝሎ መሮጥ ነው።

ስለ ሽፋሽፍት

አሁን ወደ ብርቱው ነገር እንመጣለን። በብዙ ቤት እናት በጧት ፀሐይ ላይ ተቀምጣ፥ ራስዋን በልጅዋ ጭን ላይ አድርጋ፥ «ልጄ፥ ይቺ ጠጕር ወጋችኝ፥ ንቀይልኝ» ትላለች። ልጅቱም በወረንጦ ትነቅልላታለች። እናቲቱ ለጊዜው እፎይ ትላለች። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ግን ጠጕሩ ተመልሶ ይበቅላል፤ መቆርቆሩ፥ እንባው፥ ብርሃን መፍራቱ እንደገና ይጀምራል። «የእኔ ዓይን እኮ ዕድሉ ነው» ብላ የምትተወውም አለች።

ይህ ዕድል አይደለም፤ ትራኮማ የሚባለው፥ በአገራችን የዓይን ማዝ የሚሉት በሽታ ያመጣው ነው። ኢትዮጵያ በዓለም ላይ ትራኮማ ከሚበዛባቸው አገሮች የመጀመሪያዋ ናት። በሽታውን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ሲሆን ከልጅ ወደ ልጅ፥ ከልጅም ወደ እናት በእጅ፥ በነጠላ ጫፍ፥ በአንድ ፎጣና በዝንብ ይተላለፋል። ልጁ ደግሞ ደጋግሞ ሲይዘው የላይኛው ቆብ ውስጠኛ ገጽ ይቈስላል፥ ሲድንም ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳ እንደ ደረቀ ቆዳ ይሰበሰባል። ከብዙ ዓመት በኋላ የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይስበውና ሽፋሽፍቱ ወደ ዓይን ይታጠፋል። ሰው በአንድ ደቂቃ ከ10 እስከ 20 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል፤ በያንዳንዱ ጊዜ ያ የታጠፈ ጠጕር እንደ መስተዋት የጠራውን የዓይን ፊት ይፍቀዋል። ሲፋቅ ሲፋቅ ነጭ ይለብሳል። በነጩ የጠፋው ብርሃን ተመልሶ አይመጣም። ጠጕሩ ከሚታጠፍባቸውም ሴቶች ከወንዶች ይበዛሉ፥ ሕፃናትን የሚያቅፉና የሚያሳድጉ እነርሱ ናቸውና።

ታዲያ መንቀሉ ጥፋት ነው ወይ? እንደ አነቃቀሉ ነው። ጫፉ የማይገጥም የባላገር ወረንጦ ጠጕሩን ከሥሩ አያወጣውም፥ ከመካከል ይሰብረዋል። የተሰበረው ጉቶ አጭርና ጠንካራ ስለ ሆነ ከረጅሙ ጠጕር ይልቅ ዓይንን ይወጋል። በዚህ ላይ የእናቶች ዓይን ስለሚደክም የሚቀር ጠጕር ይኖራል፥ ራስዋ በእጅዋ ብትነቅል ደግሞ የወረንጦው ጫፍ ዓይን ሊወጋ ይችላል።

በዚሁ በአገራችን፥ ዓይናቸውን የሚነካው ጠጕር ከ6 በታች በሆነ ሰዎች ላይ ጥናት ተደርጎ ውጤቱ በ2004 ዓ.ም. ታትሟል። ግማሾቹ በቀዶ ሕክምና ታከሙ፤ ለግማሾቹ ደኅና ወረንጦ ተሰጥቶ ከቤታቸው ዓይኑ ደኅና የሆነ ሰው መንቀልን ተማረላቸው። በ2 ዓመት ውስጥ የሚነካ ጠጕር የተገኘው በነቀሉት ላይ ይበልጥ ነበር፤ በማየት ኀይላቸውና በዓይናቸው ላይ በወጣው ነጭ ግን በሁለቱ ወገን መካከል ልዩነት አልታየም። ከዚህ የምንረዳው፥ ጠጕሩ ጥቂት ለሆነና ቀዶ ሕክምናን ለጊዜው ላልፈቀደች እናት፥ በጤና ሠራተኛ ተምሮና ተመርምሮ መንቀል የሚፈቀድ መሆኑን ነው። ጠጕሩ ከበዛ ወይም ብሌኑ ነጭ መልበስ ከጀመረ ግን ወረንጦውን አስቀምጦ መሄድ ነው።

ቀዶ ሕክምናውን ብዙዎች ይፈሩታል። «ዓይኔን ያወጡታል» የሚሉ እማማዎችን ሰምተናል። ዓይን አይወጣም፥ ዓይኑም አይነካም። ቆቡ በመርፌ ይደነዝዛል፥ ከዚያም ጠርዙ ወደ ውጭ ተመልሶ ይሰፋል። የሚሠራው ለዚህ በተለይ የሠለጠነ ባለሙያ ነው፥ በጤና ጣቢያም ይሰጣል፤ በዘመቻ ጊዜ ወደ ቀበሌ ድረስ ይመጣል፥ ክፍያም የለውም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቀኑን ታውቃለች፥ ጠይቋት።

እናት ከታከመች በኋላ በሽታው ከልጆቹ ፊት ላይ ካለ ምን ይጠቅማል? ልጆች ጧትና ማታ ፊታቸውን ይታጠቡ። «ውኃ የለም» ይባላል። ከቧንቧ የራቀ ቤት እውነቱን ነው፤ ነገር ግን አንድ ሊትር ውኃ በጄሪካን ቀዳዳ በቀጭኑ ቢወርድ የብዙ ልጆችን ፊት ያጥባል። የዓይን ዝንብ የምትራባው በሜዳ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው፥ በሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ብዙም አትፈላም። እንግዲህ ያ ጉድጓድ የሚቈፈረው ለዓይንም ጭምር ነው። አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት በቀበሌው ሲታደል አንድም ሰው አይቅር፤ 6 ወር ላልሞላቸው ሕፃናት በምትኩ ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ይሰጣል፥ በቀን ሁለት ጊዜ ለ6 ሳምንት ሳይቋረጥ ይቀባል። ኩል የምትኳል ሴትም የራስዋን ኩልና መኳያ ለብቻዋ ትያዝ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ዓይን እስከ ማግሥቱ ታሽጎ ያድራል። ስፌቱ ከ8 እስከ 14 ባለው ቀን ውስጥ ይወጣል፥ እስከዚያ እጅም ውኃም ጭስም አይንካው። በዚህ ሰሞን እንጀራውን ልጅቱ ወይም ባልየው ይጋግሩ። ጠጕሩ ከዓመት በኋላ ተመልሶ ቢታጠፍ፥ ይህም ይደርሳል፥ ዳግመኛ ወደዚያው ባለሙያ ይኬዳል።