ፊደል የበላው የዕቁብ ብር

አንዲት የማውቃት ኬክ ጋጋሪ አለች። ዕቁብ ሲወጣላት ብሯን ድረ ገጽ አሠራችበት። ገጹ ተከፈተ፤ ደዋይ ግን ጭጭ! ምን ቢሆን ነው ብዬ በስልኬ ብከፍተው፣ እናንተዬ፣ ከላይ እስከ ታች በደማቁ የተጻፈ አቢሲኒካ ኤስአይኤል!

ፎንቱ በነጻ የሚገኝ፣ የእጅ ጽሕፈት ለዛ ያለው ሸጋ ፎንት ነው። ችግሩ ውፍረቱ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። «ቦልድ» ስትሉት ኮምፒዩተሩ በግድ ያወፍረዋል። ያኔ በትንንሹ ጽሑፍ የ«ኬ» ቀለበት ይደፈንና «ኪ» ይመስላል። «ኪክ» ማን ይዘዝ?

ታዲያ ምን ይሻላል? ፊደላችን እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ የሚባል የለውም። ስለዚህ ርዕሱን የሚለየው መጠኑና ውፍረቱ ነው። አቢሲኒካን ሳታወፍሩ በትልቁ ለርዕስ፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ለዝርዝሩ ብታጋቡ ያምራል። ኖቶ ከቀጭን እስከ ወፍራም ስላለው ዋጋውን ብቻ ማድመቅ ትችላላችሁ። ሁለቱም በኦፕን ፎንት ላይሰንስ የወጡ በመሆናቸው ለንግድም አይከፈልባቸውም። ኒያላን ግን «ኮምፒዩተሬ ላይ አለ» ብላችሁ አትዘናጉ። የማይክሮሶፍት ነው፤ የደንበኛችሁ ስልክ ላይ ላይኖር ይችላል። ሦስተኛ ፎንትማ ይቅርባችሁ!

ከዚያ «የሎሚ ኬክ፣ 2 ኪሎ» ብላችሁ ጻፉና እናታችሁን ያለ መነጽር አስነብቧቸው።

ወዳጄ ዝርዝሩን ለውጣለች። ርዕሱን ግን «ቀይ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ» ብላ አሁንም እየተጨቃጨቅን ነው።