ኮንኮርዳንስ፦ የቃልን ባልንጀሮች የሚያሳይ መሣሪያ

እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማረ ሰው ሞዳል የሚባሉትን ረዳት ግሶች ከነትርጉማቸው በቃሉ ይዟቸዋል። ‹ካን› ለችሎታ፣ ‹ሜይ› ለፈቃድ፣ ‹ማስት› ለግዴታ። ዝርዝሩ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ‹አክሲደንት› የሚለውን ስም፣ ማለትም ‹አደጋ›ን፣ ከፊታቸው አስቀምጡና ተመልከቱ። አደጋ ችሎታ የለውም፤ ፈቃድ አይሰጠውም፤ ግዴታም አይጣልበትም። ሦስቱም ግሶች ግን ከዚህ ስም ጋር ሲነገሩና ሲጻፉ ይገኛሉ። እዚያ ቦታ ላይ ምን እያሉ እንደሆነ በማስረጃ ለማየት የሚያስችለው መሣሪያ ኮንኮርዳንስ ይባላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። በመጀመሪያ ከጋዜጣ፣ ከመጽሐፍ፣ ከንግግር የተሰበሰበ ብዙ ጽሑፍ በኮምፒውተር ይከማቻል፤ ይህ ክምችት ኮርፐስ ነው። ከዚያ አንድ ቃል ሲፈለግ ቃሉ የተገኘባቸው መስመሮች በሙሉ እላይ በላይ ይደረደራሉ። የተፈለገው ቃል ሁልጊዜ መሃል ላይ፣ በአንድ ቀጥ ያለ ዓምድ ይቆማል፤ ግራና ቀኙ ያለው ዐረፍተ ነገር የትም ቢቆረጥ ግድ የለም። ንባቡ ከላይ ወደ ታች ነው። መስመሮቹ ከቃሉ በስተቀኝ ባለው ቃል የፊደል ተራ እንዲሰለፉ ሲታዘዙ ‹ካን› የተከተላቸው አንድ ላይ፣ ‹ኩድ› የተከተላቸው አንድ ላይ፣ ከዚያ ‹ሜይ›፣ ‹ማይት›፣ ‹ማስት›፣ ‹ዊል› እያሉ በየቡድናቸው ይመጣሉ።

‹አክሲደንት› በዚህ መንገድ ሲፈተሽ የመጀመሪያው ሥራ ማጥራት ነው። ‹ባይ አክሲደንት› የሚለው ሐረግ ‹በድንገት፣ ሳይታሰብ› ማለት ስለሆነ ስለ አደጋ አያወራም፤ እሱ ወደ ጎን ይደረጋል። የቀሩትን መስመሮች ቀስ ብሎ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ስሙ ነጠላና የታወቀ ሆኖ በ‹ዘ› ሲጀምር ከሚከተሉት ሞዳሎች አንዱ ‹ኩድ› ነው፤ ‹ኩድ› ደግሞ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይመጣም፤ ‹ሃቭ ቢን ፕሪቬንትድ› ወይም ‹ሃቭ ቢን አቮይድድ› የሚል ጭራ አለው። የደረሰውን አደጋ ማስቀረት ይቻል ነበር የሚል ወቀሳ ነው፤ በምርመራ ዘገባና በፍርድ ቤት ክርክር የሚሰማ ቋንቋ። መርማሪው ምክንያቱን እርግጠኛ ሆኖ መናገር ሲያቅተው ‹ሜይ ሃቭ ቢን ኮዝድ ባይ› ብሎ ይጀምርና ፍሬንን ወይም ፍጥነትን ይጠቅሳል። ስሙ ብዙ ቁጥር ሆኖ ያለ ‹ዘ› ሲመጣ ግን ጓደኞቹ ይቀየራሉ፤ ‹ካን ሃፐን› እና ‹ዊል ሃፐን› ይሆናሉ። ስለ አንድ የተወሰነ አደጋ መናገሩ ቀርቶ ስለ አደጋ ባሕርይ ወደ መናገር ያልፋል። በዚህ አባባል ውስጥ ያለው ‹ዊል› ደግሞ የወደፊት ጊዜን አያመለክትም፤ ሰው የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ አደጋ ያጋጥማል ለማለት ነው።

እንግዲህ በእኔ እምነት ትልቁ ትምህርት እዚህ ላይ ነው፦ ከሞዳሉ ትርጉሞች አንዱን የሚመርጠው አጠገቡ ያለው ስም ነው። ‹ሜይ› ከ‹ቪዚተርስ›፣ ከ‹ጎብኚዎች› ጋር በሙዚየም በር ላይ ሲጻፍ ፈቃድ ነው፤ ከ‹አክሲደንት› ጋር ሲሆን ጥርጣሬ ነው። ‹ማስት› ከ‹ድራይቨር›፣ ከ‹ሹፌር› ጋር ግዴታ ነው፤ ‹አክሲደንቱ ማስት ሃቭ ሃፐንድ› ሲባል ግን ‹ሳይደርስ አልቀረም፣ ደርሶ መሆን አለበት› የሚል ግምት ነው። ዝርዝሩን ብቻ የሸመደደ ተማሪ ይህን ሊደርስበት አይችልም፤ መስመሮቹን ያየ ተማሪ ግን ማንም ሳያስረዳው ያየዋል።

ከአማርኛ ጋር ስናስተያየው ችግሩ የት እንደሚነሣ ይገባናል። እኛ ‹አደጋውን ማስቀረት ይቻል ነበር› ስንል አደጋው ተሳቢ ሆኖ ‹ን› ይይዛል፤ የ‹ይቻል› ባለቤት ‹ማስቀረት› ነው፤ ያለፈውን ጊዜ የሚሸከመው ‹ነበር› ነው። እንግሊዝኛው አደጋውን ራሱን ባለቤት አድርጎ ያስቀምጥና ያለፈውን ጊዜ በ‹ሃቭ› ይገልጻል። ቃል በቃል ልተርጉም ያለ ሰው መሰናከሉ አያስገርምም። ሙሉ ሐረጉን ከስሙ ጋር አንድ አድርጎ የያዘ ሰው ግን አንድም ሕግ ሳያስታውስ በትክክል ይጽፈዋል።

ሙያው ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ13ኛው መቶ ዘመን ፓሪስ ላይ ሂዩ ደ ሳን ሼር የሚባል የዶሚኒካን መነኩሴ ከማኅበር ወንድሞቹ ጋር ሆኖ በላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ቃላት የት የት እንደሚገኙ በእጅ ለቅሞ አዘጋጀ። በ1737 አሌክሳንደር ክሩደን ለእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ ይህንኑ ሠራ። ጣሊያናዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ሮቤርቶ ቡሳ በ1949 ኒው ዮርክ ሄደው የአይቢኤም ኩባንያን ኃላፊ ቶማስ ዋትሰንን ለማሳመን በቁ፤ የመካከለኛው ዘመን የሃይማኖት ሊቅ የቶማስ አኲናስ ጽሑፎች በቀዳዳ ካርድ ተለቅመው 56 ጥራዝ ወጣቸው።

የቋንቋ ምሁራን ጥያቄ ግን ከዚህ ይለያል፤ ቃሉ የት እንዳለ ሳይሆን ከየትኞቹ ቃላት ጋር እንደሚውል ነው። የለንደኑ ጄ. አር. ፈርዝ በ1950ዎቹ የቃል ትርጉም አብሮት ከሚውለው ቃል እንደሚታወቅ አስተማሩ፤ ‹ጓደኛህን ንገረኝ፣ ማንነትህን እነግርሃለሁ› የሚለው አባባላችን ለቃላትም ይሠራል ማለት ነው። በአሜሪካ ብራውን ዩኒቨርሲቲ ኔልሰን ፍራንሲስና ሄንሪ ኩቼራ በ1961 ከታተሙ ጽሑፎች 500 ናሙና ወስደው አንድ ሚሊዮን ቃል አከማቹ። የበርሚንግሃሙ ጆን ሲንክሌር ደግሞ ምሳሌዎቹ ከእውነተኛ ጽሑፍ የተወሰዱ መዝገበ ቃላት፣ ኮቢልድን፣ በ1987 አሳተሙ። በ1994 የተጠናቀቀው የብሪታንያ ብሔራዊ ኮርፐስ 100 ሚሊዮን ቃላት አሉት፤ ከእነዚህ 10 በመቶው የተነገረ ቋንቋ ነው። በብራውኑና በእሱ አምሳል በተሰበሰቡ ክምችቶች ላይ የተሠራው የቋንቋ ምሁሩ የጄፍሪ ሊች ጥናት ከ1961 እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ባሉት ሠላሳ ዓመታት ‹ማስት›፣ ‹ሜይ› እና ‹ሻል› በጽሑፍ መቀነሳቸውን አሳይቷል። መማሪያ መጻሕፍት ግን ይህን ለውጥ ሁልጊዜ አይከተሉም።

መሣሪያው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኮርፐስ የተሰበሰበበትን ምንጭ ይመስላል፤ ጋዜጣ ከበዛበት ‹አክሲደንት› ሁልጊዜ በመኪናና በሞት ዜና ታጅቦ ይመጣል፣ ቤት ውስጥ ሕፃን ወተት ሲያፈስ እናት የምትናገረው ግን አይገኝም። ቁጥሩን ብቻ አይተው መስመሩን ሳያነቡ መደምደም አሳሳች ነው።

የአማርኛችን ነገር ያሳስበኛል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዋልታ ዜናዎች ወስደው የእያንዳንዱን ቃል ክፍል በእጅ የለዩበት ክምችት በጣም ጠቃሚ ሥራ ነው፤ መጠኑ ግን ከ200 ሺህ ቃላት ብዙም አይርቅም። አማርኛን መፈለግ ራሱ ከባድ ነው። ‹አደጋ› ብሎ የፈለገ ሰው ‹በአደጋው›ን፣ ‹ለአደጋዎቹም›ን ያጣቸዋል። ‹ሊደርስ ይችላል› ሲባል የሞዳሉ ሥራ ከግሱ ፊት በተለጠፈችው ‹ሊ› ላይም አለ። አንዱ ‹ዓለም›፣ ሌላው ‹አለም› እያለ ሲጽፍም አንድ ቃል ለኮምፒውተሩ ሁለት ይሆንበታል።

እንግሊዝኛ የምትማሩ ሁሉ፣ የብሪታንያውን ኮርፐስ ተመዝግቦ በነፃ መፈለግ ስለሚቻል በሚቀጥለው ጊዜ አዲስ ስም ስታገኙ ትርጉሙን ከመሸምደዳችሁ በፊት ሃያ መስመር አንብቡለት። የጋዜጣና የመጽሐፍ አሳታሚዎቻችን ደግሞ በኮምፒውተር የተለቀመውን የዓመታት ጽሑፋችሁን ለቋንቋ ጥናት ክፍሎች ስጡ፤ የአማርኛ ተማሪም ቃሉን ከነባልንጀሮቹ ማየት ይገባዋል።