አድራሻዬ ዋዮሚንግ፣ ኑሮዬ መካነ ሰላም

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ስልኬ ጮኸ። የአክስቴ ልጅ ናት፤ ከመካነ ሰላም።

“አያ፣ አሜሪካ ድርጅት ልከፍት ነው!”

መጀመሪያ ዲቪ የደረሳት መስሎኝ ደነገጥኩ። ነገሩ ሌላ ነው። አንድ የቴሌግራም ቻናል “በ48 ሰዓት የአሜሪካ ኤልኤልሲ ባለቤት ይሁኑ፤ 300 ዶላር ብቻ!” የሚል ማስታወቂያ ለጥፏል። “300 ዶላሩን ከየት ታመጫለሽ?” አልኳት። “እማዬ አራት በግ ልትሸጥልኝ ነው” አለች።

ከኋላዋ የአክስቴ ድምፅ ተሰማኝ። “እስኪ ጠይቂው፤ ድርጅቱ በር አለው ወይ?”

ሦስታችንም ሳቅን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን የአክስቴ ጥያቄ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። እኔ ራሴ በግንቦት 2014 ያንኑ ዓይነት ድርጅት ስከፍት እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ስላልተጠየቅኩም ዋጋ ከፍያለሁ። ይህን የምጽፈው ለእሷ ነው፤ በየወረዳው ስልኩን ይዞ ተመሳሳይ ማስታወቂያ ለሚያይ ወጣትም ይጠቅም ይሆናል።

ችግሩ እውነተኛ ነው

መጀመሪያ ልጅቷን ልከላከልላት። የምትሸጠው ነገር አላት። በስልኳ የጥበብና የጥልፍ ንድፍ ትስላለች፤ ገዢው ፋይሉን አውርዶ ለሸማኔ ወይም ለጥልፍ ማሽን ይሰጠዋል። ዕቃ የለው፣ ካርጎ የለው። መካነ ሰላም ደግሞ ከደሴ በስተ ምዕራብ፣ ጉጉፍቱን ወጥቶ በአቀስታ በኩል የሚደረስባት የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። መንገዱ እሷን አልፎ ወደ አባይ በረሃ ይወርድና ጎጃም ይሻገራል። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ዕቃ የሚሸጥ ሰው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ፋይል የሚሸጥ ግን ኔትወርክ ካለ ይሸጣል። ስለዚህ ሐሳቧ ሞኝነት አይደለም።

ጉዳዩ ገንዘቡ እንዴት ይምጣ የሚለው ነው። ፔይፓል ከኢትዮጵያ ሆኖ ለመክፈል እንጂ ለመቀበል አይሆንም። ስትራይፕ ኢትዮጵያን አገልግሎት በሚሰጥባቸው አገራት ዝርዝር ውስጥ አላስገባም። የእጅ ሥራ የሚሸጥበት ኤትሲም ከኢትዮጵያ አዲስ ሻጭ አያስገባም። ገዢው አለ፤ ገንዘቡ የሚገባበት በር ግን ዝግ ነው። የአሜሪካ ድርጅት የሚባለው ነገር የሚመጣው ያን በር ለመክፈት ነው።

ለመሆኑ ኤልኤልሲ ምንድን ነው?

በእኛ ቋንቋ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር እንደማለት ነው። እኛ አገር በአንድ ሰው ብቻ ማቋቋም የተፈቀደው በ2013 በወጣው የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243 ነው። አሜሪካ ግን ቆይቷል። የመጀመሪያውን የኤልኤልሲ ሕግ ያወጣችው ዋዮሚንግ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1977። ዋዮሚንግ በሕዝብ ብዛት የአሜሪካ ትንሿ ክፍለ ግዛት ናት፤ 600 ሺ ሰው እንኳ አይሞላትም። በ1999ኙ ቆጠራ 2.5 ሚሊዮን ሕዝብ ከነበረው ደቡብ ወሎ ጋር ስታስተያዩት እንግዲህ ወረዳዎች ተሰብስበው የሚያህሏት ናት። ከዓለም ዙሪያ ድርጅት ለሚያስመዘግብ ሁሉ ግን በሯ ክፍት ነው።

ዜግነት አይጠየቅም። ቪዛ አይጠየቅም። እግርህ አሜሪካን ረግጦ ማወቅ የለበትም። የዋዮሚንግ መንግሥት ለምዝገባ የሚያስከፍለው 100 ዶላር ነው፤ በኢንተርኔት ሲሆን ጥቂት ይጨመርበታል። በደላዌር 110 ዶላር ነው። ስትራይፕ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2016 “አትላስ” የሚል አገልግሎት ጀምሮ በ500 ዶላር በደላዌር ድርጅት ያቋቁማል። ማለትም የቴሌግራሙ ሰውዬ የሚሠራው ምስጢር የለም። አንተም ቅጹን ሞልተህ ልታደርገው የምትችለው ነገር ነው።

አንድ ግዴታ አለ፤ በዚያ ክፍለ ግዛት የተመዘገበ ወኪል ያስፈልግሃል። ወኪሉ የፍርድ ቤትና የመንግሥት ደብዳቤ ይቀበልልሃል፤ ለዚህም በየዓመቱ ይከፈለዋል። ዕቃህን አይሸጥም፣ ግብርህን አያስታውስህም፣ አያውቅህምም። በደላዌር ዊልሚንግተን ከተማ አንድ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ኒውዮርክ ታይምስ እንደዘገበው 285 ሺ ያህል ድርጅቶች አድራሻችን ብለው የሚሰጡት ያንኑ ሕንፃ ነው። አክስቴ፣ ሰምተሻል? በር አለው። 285 ሺ ድርጅት በአንድ በር።

ቀጥሎ ኢአይኤን የሚባል ቁጥር አለ፤ የአሜሪካ ቲን ቁጥር በሉት። የሚሰጠው የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት አይአርኤስ ነው። በነፃ ነው፤ ደግሜ ልበል፣ በነፃ። የአሜሪካ ማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር የሌለው ሰው ግን በድረ ገጽ ወዲያው ማግኘት አይችልም። ኤስኤስ-4 የሚባለውን ቅጽ ሞልቶ በፋክስ ወይም በፖስታ መላክ፣ ካልሆነም መደወል አለበት። ስለዚህ “በ48 ሰዓት ሁሉም ይጠናቀቃል” የሚልህን ሰው እዚህ ጋ አቁመው።

ማስታወቂያው ላይ የሌለው ቁጥር፦ 5472

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። እኔ የሸጥኩት ለዳያስፖራ ልጆች የሚሆን የፊደል ካርድ ነበር፤ አባት አውርዶ አትሞ ልጁን የሚያስተምርበት። ድርጅቱን ከፈትኩ፣ ቁጥሩን አገኘሁ፣ ስሜን ከ“ኤልኤልሲ” ጋር ሳየው ለሁለት ቀን ፈገግ አልኩ። ያስከፈተኝ ሰው “ገቢህ ከአሜሪካ ውጭ በሠራኸው ሥራ ስለሆነ ግብር የለብህም” አለኝ። እኔም “ግብር የለብህም” የሚለውን “ምንም የለብህም” ብዬ ሰማሁት።

በመጋቢት 2015 አንድ ወዳጄ በጨዋታ መሐል “5472 አስገባህ አይደል?” አለኝ። የስልክ ቁጥር መጨረሻ መሰለኝ።

ቅጽ ነው። የውጭ ዜጋ ብቻውን የያዘው ኤልኤልሲ፣ ግብር ባይኖርበትም፣ በድርጅቱና በባለቤቱ መካከል የተደረገን የገንዘብ ዝውውር በየዓመቱ ለአይአርኤስ ማሳወቅ አለበት። ሕጉ የሚሠራው እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ነው። ድርጅቱን ለማቋቋም ከኪስህ ያወጣኸው ገንዘብ እንኳ እንደ ዝውውር ይቆጠራል። ስለዚህ አንድም ነገር ባትሸጥ ታሳውቃለህ። ያላሳወቀ ቅጣቱ 25 ሺ ዶላር ነው። በግ ቆጥራችሁ አትችሉትም።

የጊዜ ገደቡ ኤፕሪል 15 ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 7። 7004 በሚባል ሌላ ቅጽ ስድስት ወር ማራዘም ይቻላል። እኔም አራዘምኩ። ከዚያ የሚያውቀው ባለሙያ ፈልጌ ከ400 ዶላር በላይ ከፈልኩ። ወረቀቱ እንደ ሌላው የግብር ቅጽ በኢንተርኔት አይገባም፤ በፋክስ ወይም በፖስታ ወደ ዩታ ይላካል። በ2015 አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራ ፋክስ ስፈልግ የዋልኩበትን ቀን ለጠላቴም አልመኝም።

በነገራችን ላይ፣ የድርጅትህን እውነተኛ ባለቤት ለአሜሪካ ገንዘብ ሚኒስቴር አሳውቅ የሚለውን ግዴታ እያነሱ የሚያስፈራሩና ገንዘብ የሚጠይቁም አሉ። ያ ግዴታ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ሥራ ላይ ውሎ ነበር፤ በመጋቢት 2017 ግን አሜሪካ ውስጥ ለተመዘገቡ ድርጅቶች ተነስቷል። ለተነሳ ነገር አትክፈሉ።

ኔትወርክ ሲጠፋ ዋዮሚንግ አታድንህም

ሁለተኛው ትምህርቴ ከአሜሪካ አልመጣም። በነሐሴ 2015 ለአጎቴ ተዝካር መካነ ሰላም ነበርኩ። በአማራ ክልል ጦርነቱ ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት፣ የሞባይል ዳታ የተቋረጠበት ጊዜ ነው። ክፍያዬን የሚቀበልልኝ ድርጅት ልክ ያን ሰሞን “በ14 ቀን ውስጥ ማንነትዎን ያረጋግጡ” የሚል ኢሜይል ልኮልኛል። እኔ ያየሁት ከሳምንታት በኋላ፣ አዲስ አበባ ስመለስ ነው። ሂሳቤ ተዘግቷል። ውስጡ የነበረው ገንዘብ የተለቀቀልኝ ከስድስት ወር በኋላ ነበር።

“እኔ የአሜሪካ ድርጅት ባለቤት ነኝ” ብዬ ጻፍኩ። መልሳቸው አጭር ነበር፤ አንተ የት ነው የምትኖረው? ወረቀቱ የዋዮሚንግ ቢሆንም የሚያዩት ፓስፖርቴንና የምገባበትን አገር ነው። ይህ የኔ ብቻ ዕጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ሜርኩሪ የተባለው የጀማሪ ድርጅቶች የባንክ አገልግሎት ሰጪ ናይጄሪያን ጨምሮ በተለያዩ አገራት የሚኖሩ ደንበኞቹን ሂሳብ እንደሚዘጋ ሲያሳውቅ፣ ሕጋዊ የአሜሪካ ድርጅት የነበራቸው ብዙ ወጣቶች ሜዳ ላይ ቀርተዋል። ድርጅት መክፈትና የባንክ ሂሳብ ማግኘት ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያው መብትህ ነው፤ ሁለተኛው የነሱ ፈቃድ።

አገር ቤትም ሕግ አለ

የአሜሪካ ድርጅት መያዝ ከኢትዮጵያ ሕግ አያስወጣም። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ኢትዮጵያ ውስጥ ነዋሪ የሆነ ሰው ከየትም ዓለም ባገኘው ገቢ ግብር ይመለከተዋል። በውጭ አገር ሂሳብ ስለመያዝም ሕጋችን ጥብቅ ነው፤ ከመክፈታችሁ በፊት ባንካችሁን በግልጽ ጠይቁ። በሌላ በኩል ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ሥርዓቱን ሲለውጥ አንድ ጥሩ ነገር መጥቷል። ከውጭ ገንዘብ የሚላክለት ነዋሪ በአገር ውስጥ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ መክፈት ተፈቅዶለታል። ያን ጊዜ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ስለሄደ፣ በዶላር የሚገኝ ትንሽ ገቢም ትርጉም አለው። በዶላር የሚከፈል ትንሽ ወጪም እንዲሁ።

ፋይል ሳይሆን ዕቃ ለምትሸጡ፣ ለምሳሌ ባና ወይም ነጠላ፣ ሌላም ነገር ተለውጧል። ከ800 ዶላር በታች የሆነ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበት አሠራር ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ጀምሮ ቀርቷል። የድሮ ቪዲዮ አይታችሁ ሒሳብ አትሥሩ።

ታዲያ ምን ትሁን?

እሁድ እንደገና ደወልኩላትና አብረን ደመርን። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ለዋዮሚንግ 60 ዶላር፣ ለወኪሉ 100 ያህል፣ ለ5472 ባለሙያ 400፤ በዓመት 560 ዶላር። አንድ ንድፍ የምትሸጠው በ8 ዶላር ነው። 70 ንድፍ ሸጣ ገና ዜሮ ላይ ናት። ባለፉት ሦስት ወራት የሸጠችው ዘጠኝ ነው።

ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። የሰው ተስፋ ላይ ካልኩሌተር ማውጣት ደስ አይልም።

“ስለዚህ ይቅር?” አለች።

ይቅር አላልኩም። ይቆይ ነው ያልኩት። በሶልሬብልስ ጫማ የምናውቃት ቤተልሔም ጥላሁን የጀመረችው ዘነበወርቅ ሰፈር ነው፤ ካሊፎርኒያ ሱቅ የከፈተችው ዕቃዋ በኢንተርኔት ዓለም ላይ ከተሸጠ ከዓመታት በኋላ ነው። የአሜሪካው ሱቅ ሽያጩን ተከትሎ መጣ፤ ቀድሞት አልሄደም።

እሷም ለጊዜው በሁለት መንገድ ትሂድ ተባባልን። የአገር ቤት ገዢዋ በቴሌብር ይክፈላት፤ ደሴ ያሉ ሁለት ልብስ ሰፊዎች ቀድሞም ጠይቀዋታል። የውጭዎቹ ደግሞ ለጊዜው በሕጋዊ ሐዋላ በባንኳ ይላኩላት። ንግድ ፈቃድና ቲን ስታወጣ እንደ ቻፓ ያሉ፣ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የሰጣቸው የክፍያ አገናኞች አሉ፤ ከውጭ ካርድም ይቀበላሉ። በወር ከ20 ንድፍ በላይ ለስድስት ወር በተከታታይ ከሸጠች ያኔ ዋዮሚንግን እናንሳ። ያኔም ቅጹን እኔና እሷ ቁጭ ብለን እንሞላዋለን እንጂ ለቴሌግራም ሰው አንልክም።

አክስቴ ስልኩን ተቀበለቻት። “በጎቹን ላቆያቸው?”

“አቆያቸው፣ አክስቴ።”

“ጥሩ። አንዷ ልትወልድም ነው።”

ልጅቷ ግን ስልኩን መልሳ ወሰደች። “አያ፣ ያ ቅጽ ቁጥሩ ስንት ነበር?”

“5472።”

ስትጽፍ ሰማኋት። እንግዲህ ሐሳቧን አልተወችም ማለት ነው።